ከነቅዝቃዜው

ጉለሌ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምፀሐይ፣

ደብዳቤሽን ያመጣው ሾፌር ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለ ፓዌ ወባ ሲያወራኝ፣ እኔ "ግባ" እንኳን ሳልለው ፖስታውን ቀድጄ ማንበብ ጀመርኩ። ቀና ስል የለም። ባለጌ ብሎኝ ሄዷል መሰለኝ፤ ስታገኚው ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሦስት ጊዜ ያሰመርሽበትን ጥያቄ ከሰላምታው አስቀድሜ ልመልስልሽ። አዎ፣ ጌጤ የኩፍኝ ክትባት ተከትባለች። ያውም በሌላ ሰው አይደለም፤ መስከረም 20 ቀን እኔው ራሴ ነኝ የከተብኳት። አንቺ ሦስት ዓመት ተምረሽ ነርስ ስለሆንሽ የኔን የሁለት ሳምንት ሥልጠና እንደምትንቂያት አውቃለሁ። ግን እህትሽ አሁን የቀበሌው ጤና ጣቢያ ከታቢ ናት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ ስታልፍ ሰው "ሲስተር" ይላታል። አላርማቸውም።

ልጅሽ ደህና ናት። አባቷ ሰሜን ግንባር ከቀረ በኋላ አንቺንም ሰፈራ ጣቢያ መድበው ሲወስዱብን፣ "ልጄን ወባ አገር ወስጄ አልገድላትም፣ ካንቺ ጋር ትሁን" ብለሽ ጥለሽልኝ ስትሄጂ ገና በዳዴ ላይ ነበረች። አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ምላሷ አያርፍም። የምትውለው ከሙኒያ ልጅ ከሙዘይን ጋር ነው። ሙኒያን አትረሻትም፣ የባለሱቁ የሳቢት ሚስት፣ ከኛ አጥር ቀጥላ ያለችው። ሁለቱ ልጆች ሱቁ ውስጥ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው የገባውን ሁሉ "ምን ልስጥሽ?" ይላሉ። የከተብኳቸውም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ብልቃጥ ነው።

እና ልኩራብሽ። ጤና ጣቢያችን ክትባት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ከሌላ ቀበሌ ሁሉ እናቶች እየመጡ ነው። "የዓለምወርቅ እጅ አያምም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ አያምም። የራሴ ዘዴ አለችኝ። ስትመጪ አሳይሻለሁ።

ታናሽሽ የዓለምወርቅ


ፓዌ፣ ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ፣

ሾፌሩ ተቀይሞሻል። "እህትሽ ደጅ አቁማኝ አነበበች" እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ሰንብቷል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ስላነበብኩት ግን እኔ ይቅር ብዬሻለሁ።

ለምን እንዳሰመርኩ ልንገርሽ። አምና ኩፍኝ እዚህ ሰፈራ ጣቢያ ሲገባ ክትባት አልነበረንም። አንድ ወር ሙሉ ነው የቆየው። ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር በስም እስክንጠራራ ድረስ ተዋወቅን። የዚያን ጊዜ በየልጁ ፊት ላይ የጌጤን ፊት ነበር የማየው። ስለዚህ ማስመሬ ሲያንሰኝ ነው። መከተቧን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀምሯል፤ ተባረኪ።

አሁን ወደዚያች ዘዴሽ ልመለስ። ስመጣ የምታሳዪኝ ነገር የለም፣ አሁኑኑ ጻፊልኝ። መቼ እንደምመጣ አላውቅም፤ እዚህ ያለነው ነርሶች ሁለት ነን፣ አንደኛዋም በወባ ተኝታለች። ሕፃን ሲወጋ ያለቅሳል፣ የዓለምወርቅ። የማያለቅስ ሕፃን ሲገጥመኝ እኔ እደነግጣለሁ። ምን ሠርተሽ ነው የማያለቅሱልሽ? ከረሜላ ከሆነ ጥሩ ነው። ሌላ ከሆነ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ።

ጌጤን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ዓለምፀሐይ


ጉለሌ፣ ኅዳር 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬዋ፣

ሁለቱንም ጉንጯን ስሜያታለሁ፤ "እማዬ ናት የሳመችሽ" ስላት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ለሙዘይን ልታሳይ ሮጠች። የእማዬ ስሞሽ እንዳይጠፋባት ይሆናል።

ዘዴዬን ካላወቅሁ ብለሽ ስለጨቀጨቅሽኝ ይኸው። ከረሜላ በየት በኩል ይገኛል ብለሽ ነው። ያ ብልቃጥ ከበረዶው ሳጥን ሲወጣ ነክተሽው ታውቂያለሽ አይደል? ጣት ያደነዝዛል። የመጀመሪያ ሳምንት እንደዚያው ከነውርጩ ስወጋቸው ልጆቹ የሚጮሁት ጩኸት እስከ ታች መንገድ ይሰማ ነበር። አንጀቴን በላኝ። ጡት በሚጠባ ልጅ ክንድ ውስጥ ያንን ብርድ እንዴት እጨምራለሁ? በሥልጠናው "በረዶ ውስጥ ይቀመጥ" ብለውናል፣ እኔም አስቀምጣለሁ። ግን ሥጋስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የለም እንዴ? ቀዝቃዛውን ግን ማንም አይበላውም።

እና ጠዋት እንደገባሁ ብልቃጦቹን አወጣና ፀሐይ የሚመታው የመስኮቱ ደፍ ላይ እደረድራቸዋለሁ። ደመና ከሆነ ከፔርሙዝ ለብ ያለ ውኃ በሳህን አድርጌ እዘፈዝፋቸዋለሁ። ለብ ብሎ ሲገባ ልጁ መወጋቱን እንኳን ሳያውቀው ያልቃል። ሁለት መቶ ሠላሳ ልጅ እንዲህ ከትቤያለሁ፤ መዝገቡ ላይ አለ።

ለጌጤና ለሙዘይን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ተጠንቅቄላቸዋለሁ። የነሱን ብልቃጥ ደፉ ላይ አላስቀመጥኩትም። ከጠዋት ጀምሮ ብብቴ ሥር ይዤው ዋልኩ፣ የራሴን ገላ ሙቀት እስኪመስል ድረስ። ጌጤ ዓይኗን አላርገበገበችም። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ከላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫ ባሉት ሰፈሮች ኩፍኝ ገብቷል ይላሉ። ለኛ ልጆች አያሰጋም። ያለፈው እሑድ ሙኒያ እዚያ ያለች ዘመዷን ልትጠይቅ ሙዘይንን ይዛ ልትወጣ ነበርና ፈርታ አማከረችኝ። "ሂጂ፣ ተከትቧል" አልኳት። ሄዳ መጣች።

ያንቺው የዓለምወርቅ


ፓዌ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤሽን አንብቤ፣ በሽተኛ ፊቴ ቆሞ እስኪጠራኝ ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ስለማውቅ፣ ዛሬ ቻግኒ በሚሄድ ሰው እጅ የቴሌግራም ቃል ልኬያለሁ። ቴሌግራሙ ከቀደመ በዚያ አድርጊ። ምክንያቱን እዚህ አንብቢው።

ሥጋ ፍሪጅ የሚገባው ሞቶ ነው። የኩፍኝ ክትባት ግን ሕያው ነው። ራሱ የኩፍኙ ጀርም ነው፣ አድክመውት፣ ጉልበቱን ነስተውት። የቀበሌሽን የአብዮት ጥበቃዎች አስቢ። አንድ ሌባ እጁ ታስሮ ቢመጣላቸው፣ መልኩን አይተው፣ አካሄዱን አጥንተው ይይዙታል። ሌላ ቀን ያ ሌባ እጁ ተፈትቶ፣ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ ገና ከበር ያውቁታል። የሰው ገላም እንዲሁ ዘበኞች አሉት። ደም ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ፤ አንድ ጊዜ ያዩትን አይረሱም። ክትባት ማለት ይኸው ነው፣ ሌባው ሳይመጣ መልኩን ማሳየት። ያ የታሰረው ሌባ ግን ሙቀት አይችልም። ፀሐይ ላይ ሲውል ይሞታል። ከሞተ በኋላ የምትወጊው ውኃ ነው። ዘበኞቹ ምንም አላዩም፤ ምንም አልተማሩም።

ልጆቹ ያላለቀሱልሽ ለዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ያላለቀሱት ስላሞቅሽላቸው ነው፤ ስላሞቅሽላቸው ግን ሁለት መቶ ሠላሳውም አልተከተቡም። የጌጤ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ቀኑን ሙሉ ብብትሽ ሥር ይዘሽ ገደልሽው።

ቸኩዬ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ባይነበብ ደጋግመሽ አንብቢው። ጌጤን ከቤት አታውጪያት። ከሙዘይን ጋር አታገናኚያት፤ እንጦጦ መውጫ ደርሶ የመጣ ልጅ ነው። ትኩሳት ከያዛት፣ ዓይኗ ከቀላ፣ "ኩፍኝ መርፌ አይወድም" የሚሉሽን ሴቶች አትስሚ፣ ጨለማ ቤት አታስተኚያት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ይዘሻት ሩጪ። ለእናቶቹም በሙሉ ንገሪ። ክትባቱ እንደገና ይሰጣቸው።

እኔም ጥፋተኛ ነኝ። እናቷም ነርስም ነኝ፤ ከመሄዴ በፊት ክትባት ያለበት ቦታ ፈልጌ እኔው ማስከተብ ነበረብኝ።

ዓለምፀሐይ


ጉለሌ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ዓለምፀሐይ፣

ካንቺ ናፍቆት በቀር፣ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና፣ እኛ ሁላችንም በያለንበት ደህና ነን። ጌጤም ደህና ናት። የወባው ነገር እንዴት ሆነ? ጓደኛሽ ነርሷ ተሻላት ወይ? ሾፌሩስ ታረቀን?

ቴሌግራሙም ደብዳቤውም ደርሰውኛል። የጻፍሽው ሁሉ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ አንድም ብልቃጥ ከበረዶ አላወጣሁም። ድጋሚውን በተመለከተ ከላይ ክትባት እስኪላክልን እየጠበቅን ነው።

ጥምቀት ዘንድሮ ደምቆ ነው የዋለው። ታቦቱ ሲወርድ ሰዉ ከእንጦጦ ጀምሮ መንገዱን ሞልቶት ነበር አሉ። እኔ አልወጣሁም፣ ትንሽ ደክሞኝ ነበር። ጌጤ ደህና ናት፣ ሐሳብ አይግባሽ። የአጥሩን በር ሳቢት ጠግኖልናል። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል።

ሌላ የሚጻፍ የለኝም። ጌጤ በጣም ደህና ናት።

እህትሽ የዓለምወርቅ


ፓዌ፣ የካቲት 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

የዓለምወርቅ፣

"ጌጤ ደህና ናት" ብለሽ ሦስት ጊዜ ጻፍሽልኝ። በፊት አንዴ ካልሽ አትደግሚውም ነበር። ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ይህን አለች፣ እዚህ ሮጠች ነበር የምትይኝ። አሁን ምን እንዳለች አልጻፍሽም። ሙዘይንን ስሙን አላነሳሽም። ጥምቀትን ቤት ተቀምጠሽ ማሳለፍሽ ደግሞ በዕድሜሽ የመጀመሪያው ነው።

አባባ ሲሞት ያደረጋችሁኝን አልረሳሁትም። "ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው" ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም አላችሁ። እኔም ለደከመ ሰው ብዬ ጋቢ ገዝቼ፣ መንገድ ላይ እየቀለድኩ መጣሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። አርባው ላለፈ ሰው ጋቢ ይዤ። ለኔ አዝናችሁ ነው ያንን ያደረጋችሁት፣ አውቃለሁ። ያ ጋቢ ግን እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ፤ ለብሼው አላውቅም።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ምትክ ነርስ ሳይመጣ አትነቃነቂም ተብያለሁ። ስለዚህ ሽማግሌ ልከሽ፣ ጎህ ሲቀድ በር አስንኳኩተሽ የምታረጂኝ ሰው አይደለሁም። ያለሁት እዚህ ነው፤ ያለሽኝም ወረቀት ብቻ ነው።

ብልቃጡን ለልጆቹ አዝነሽ አሞቅሽው። ወሬውን ለኔ አዝነሽ አታሙቂብኝ። ልጄ ከሞተች "ሞተች" ብለሽ ጻፊ። ከነቅዝቃዜው ላኪልኝ። እኔ እችለዋለሁ፤ ባልችለውም የኔ ነው።

ዓለምፀሐይ


ጉለሌ፣ መጋቢት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣

ጌጤ አልሞተችም። ኩፍኝ ታማ ድናለች። የግራ ዓይኗ ግን አያይም። የሞተው ሙዘይን ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሙዘይን ታኅሣሥ 4 ቀን ትኩሳት ያዘው። ሙኒያ መጥታ ጠየቀችኝ፣ "ጉንፋን ነው፣ ኩፍኝማ አይሆንም፣ ከትቤዋለሁ" አልኳት። ሽፍታው ሲወጣም አላመንኩም። ጌጤን እንኳን ከሱ አልለየኋትም፤ አንድ ኩባያ ይጠጡ ነበር። በአሥራ አምስት ቀኑ እሷም ተኛች። እሱ ሳንባው ታመመ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ጠዋት አረፈ፤ ያንኑ ቀን ተቀበረ።

ቴሌግራምሽ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ሙኒያ ቤት ለቅሶ ላይ ሆኜ ነው። ፖስተኛው እኔን ቤት አጥቶኝ እዚያ አመጣው። ሴቶቹ ቴሌግራም ሲያዩ የኔ መርዶ መስሏቸው ከግራና ከቀኝ ያዙኝ፤ አንዷ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ከፍቼ አነበብኩ። "የሞቀ ክትባት አይሠራም። ሁሉንም ድገሚ። ጌጤን ከቤት አታውጪ።" ሙኒያ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ፣ "ማን ሞተብሽ፣ የዓለምወርቅ?" አለችኝ። ልጇን የቀበረችው እሷ ናት፣ ለኔ ደንግጣ የምትጠይቀኝ እሷ። "ማንም" አልኳት። እጄን ይዛ፣ "አንቺማ የሚገባሽን አድርገሻል፣ ከትበሽልኝ ነበር፣ አላህ ነው የወሰደው" አለችኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ለዚህ ነው ጥር ላይ እንደዚያ የጻፍኩልሽ። እጄ ሌላ ቃል አልጽፍ አለኝ።

ከለቅሶው ተነስቼ ጌጤን ያንኑ ቀን ጳውሎስ ወሰድኳት። አሥራ ሁለት ቀን ተኛን። ሐኪሙ፣ "ኩፍኝ ከእንግዲህ አይደግማትም፣ ሰውነቷ አውቆታል" አለኝ። እኔ ያላስተማርኩትን በሽታው ራሱ አስተማረላት፤ ለማስተማሪያው ግን ዓይኗን ወሰደ። አሁን ትሮጣለች፣ ታወራለች። ከሰው ፊት ስትቆም አንገቷን ወደ ግራ ታዞራለች፣ በቀኙ እንድታይ። ሙዘይን የት ሄደ ትላለች።

የካቲት 20 ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። በማግሥቱ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርኩት። "ይህን ነገር ካወራሽ አሻጥር ነው የሚባለው፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ እኔም እጠየቃለሁ፤ ዝም ብለሽ ድጋሚ ዘመቻ ነው በያቸው" አለኝ። ደስ የሚል ምክር ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ለሙኒያ ሳልነግራት በዘመቻ ስም ፊቷ ልቆም አልቻልኩም። የካቲት 24 ቀን ሱቅ ገብቼ፣ የጨው ጆንያው አጠገብ ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ደፉን፣ ፔርሙዙን፣ ብብቴን። "ሂጂ፣ ተከትቧል" ያልኳት ጊዜ ልጇ በውስጡ ምንም እንዳልነበረው። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሚዛኑን ስትጠርግ ቆይታ፣ "ውጪልኝ" አለችኝ። እሑድ ደግሞ በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ለሁሉም ተናገርኩ። ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አሳድረው ጠየቁኝ፤ በክፋት አለመሆኑን ሲያዩ ለቀቁኝ። ከላይ የመጣችው ተቆጣጣሪ፣ "ያጠፋሽውን አንቺው ድገሚው፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ" ብላ ወሰነች።

ትናንት የድጋሚው የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሳጥኑን ፊቴ አድርጌ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። "የዓለምወርቅ እጅ አያምም" ይሉ የነበሩት እናቶች በመስኮቱ በኩል እያዩኝ አለፉ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ።

ከዚያ ሙኒያ ገባች። የሙዘይንን ታናሽ፣ ሕፃኗን ጀዊሪያን ታቅፋለች፤ አሥረኛ ወሯ ነው፣ የወንድሟ በሽታ አልፏታል። ሰላም አላለችኝም። ፊቴ ቁጭ አለችና እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ምን እንደፈለገች አልገባኝም። "ብልቃጡን" አለችኝ። ከበረዶው አውጥቼ ሰጠኋት። መዳፏ ውስጥ ያዘችው፤ እንዳይሞቅ ብላ ይሁን ወይ ብርዱ አሟት፣ ቶሎ ጉንጯ ላይ አስጠግታ መለሰችልኝ። "ቀዝቃዛ ነው" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። የልጅቷን እጅጌ ራሷ ሰበሰበችና ክንዷን ወደ እኔ አዞረችው።

ወጋኋት። ጀዊሪያ እስከ ታች መንገድ የሚሰማ ጩኸት ጮኸች። ተቆጣጣሪዋ መዝገቡ ላይ ጻፈች። ሙኒያ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሳታባብላት፣ እስክትጨርስ ድረስ ስታለቅስ ሰማቻት። ከዚያ ተነስታ ወጣች። በሩ ላይ ሦስት እናቶች ቆመው ነበር፤ አሳልፈዋት ገቡ።

የዓለምወርቅ